የሰሌዳ ድንጋይ፤ አፈጣጠሩና ጥቅሙ



ስለ ድንጋይ እጽፋለሁ ብል ከክፍል ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ሳይስቁብኝ አይቀሩም። መሐል ሜዳ ተወልዶ ላደገ ሰው ድንጋይ ብርቅ አይደለምና። የቤታችን ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ አጥራችን፥ በረታችን፥ ከብት ስንጠብቅ ነፋስ የምንከለልበት ካብ ሁሉ ድንጋይ ነው። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በፊት እኔ አንዱን ድንጋይ አይቼ ያልሆነውን ስም ስለ ሰጠሁት በቤተሰቤ ላይ ጉዳት ደርሷል። የሰጠሁትም ስም «የሰሌዳ ድንጋይ» የሚል ነበረ።

ከዚያ ወዲህ እውነተኛው የሰሌዳ ድንጋይ ምን እንደ ሆነ፥ ከምን እንደሚወለድና ለምን ሥራ እንደሚውል በሚቻለኝ መጠን ሳጠና ቆይቻለሁ። ያገኘሁትንም ዕውቀት ለጓደኞቼ፥ ለአስተማሪዎቼና ለወላጆች ባካፍል ይጠቅማል በማለት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ስለ ቤታችን ጉዳይ ለመጻፍ አባቴን ፈቃድ ብጠይቃቸው «ሌላውን ሰው ከስሕተት የሚያድን ከሆነ ጻፈው» ብለውኛል።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ

የማድ ቤታችን ክዳን አርጅቶ ማፍሰስ ጀምሮ ነበረ። በአገራችን ለክዳን የሚመረጠው የጓሳ ሣር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጓሳው ግን እንደ ልብ የሚታጨድ አይደለም። አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቀሮ ሥርዐት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ምንም እንኳ ያ ሥርዐት በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ምክንያት ቢቀር፥ ዛሬም ቢሆን ጓሳው በማኅበረሰቡ ሕግ ተዘግቶ ይቆይና በተፈቀደ ጊዜ ብቻ ይታጨዳል። ያን ጊዜ የሚከፈትበት ወራት ገና ነበረ። ቆርቆሮ ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ አልነበረንም።

በዚያው ሰሞን በአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ጣራቸው በስስ ድንጋይ የተከደነ ቤቶች ሥዕል አይቼ ነበረ። ከሥዕሉ በታች ድንጋዩ ከመቶ ዓመት በላይ ውሃ እንደማያሳልፍ ተጽፏል። አንድ ቀን በጎች ስጠብቅ ከገደሉ ሥር እንደ እንጀራ የተደራረበ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘሁ። ልቤ በደስታ ተሞላ። ወደ ቤት ሮጬ፥

«አባባ፥ በውጭ አገር ቤት የሚከድኑበትን የሰሌዳ ድንጋይ አገኘሁት!» አልኋቸው።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

«አዎን፤ በመጽሐፍ አይቼዋለሁ።»

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ መጥተው ድንጋዩን አነሡ፤ በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው «ይህ ለግድግዳ ደኅና ድንጋይ ነው፤ ከራሴ በላይ ግን አላስቀምጠውም» አሉ። አባቴ ግን «ልጄ ተማሪ ነው፤ ያላወቀውን አይናገርም» ብለው መለሱላቸው። ይህን ቃል ዛሬም ሳስታውሰው ዐፍራለሁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንሠራ ከረምን። ድንጋዩ እርስ በርሱ ስላልገጠመ ውሃ እንዳያስገባ በላዩ ላይ ጭቃ መረግንበት። ነሐሴ ገብቶ ዝናሙ ሲበረታ አንድ ሌሊት ወራጁ ተሰብሮ ጣራው እንዳለ ወደቀ። እናቴ እሳቱን ዳፍና ከማድ ቤት ከወጣች ብዙም አልቆየችም ነበረ። በጥግ ታስሮ የነበረው ጥጃችን ግን ከድንጋዩ በታች ቀረ።

ሲነጋ አባቴ አልተቈጡኝም። ከፍርስራሹ ውስጥ አንዱን ድንጋይ አንሥተው «ለመሆኑ ይህ ድንጋይ ምን ነበረ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ድንጋዩን በሻንጣዬ ይዤ ወደ ሳይንስ አስተማሪያችን የሄድሁት ስለዚህ ነው።

የሰሌዳ ድንጋይ ምንድር ነው?

አስተማሪያችን ነገሬን በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ ከመሳቢያቸው አንዲት ጥቁር ግራጫ ድንጋይ አውጥተው ከእኔ ድንጋይ አጠገብ አኖሩት። በተማሪነታቸው ጊዜ ለጥናት ወደ ትግራይ በሄዱበት ወቅት ከነጋሽ አካባቢ ያመጧት ነች። የእኔ ድንጋይ አራት ጣት ያህል ውፍረት ነበረው፤ የእሳቸው ግን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ፊቱ ለስላሳ ነው። በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው በጣታቸው አንጓ ቢመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። የእኔን ቢመቱት ድምፁ የታፈነ ሆነ።

ይህ ድንጋይ በእንግሊዝኛ «ስሌት» ይባላል። በአማርኛ ስሌት ማለት ሒሳብ ማስላት ስለ ሆነ ሁለቱ ቃላት እንዳይምታቱብን «የሰሌዳ ድንጋይ» ብንለው ይሻላል። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ተማሪዎች ደብተር ውድ ስለ ነበረ ሒሳባቸውን የሚሠሩት ከዚህ ድንጋይ በተሠራ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነበረ፤ ስለዚህ በስሌት ላይ ስሌት ይሠሩ ነበር ብንል አልተሳሳትንም። እርሳሱም ከለስለስ ካለ ተመሳሳይ ድንጋይ ይሠራ ነበር። የክፍል ጥቁር ሰሌዳም በመጀመሪያ ይሠራ የነበረው ከዚሁ ድንጋይ ነው።

ከጭቃ ወደ ድንጋይ

የሰሌዳ ድንጋይ ወላጁ ጭቃ ነው ቢባል ለማመን ያስቸግራል፤ ነገር ግን እውነት ነው። ከዝናም በኋላ የወንዝ ውሃ ደፍርሶ ሲወርድ ተመልከቱ። ውሃው እየሮጠ ሳለ ጠጠሩንም አሸዋውንም ጭቃውንም አንድ ላይ ይነዳዋል። ሩጫው ሲቀንስ መጀመሪያ ጠጠሩን፥ ቀጥሎም አሸዋውን ይጥላል። እጅግ ደቃቅ የሆነው ሸክላ ግን ውሃው ጸጥ እስኪል ድረስ ተንሳፍፎ ይቆይና በሐይቅ ወይም በባሕር ወለል ላይ ቀስ ብሎ ይዘቅጣል።

ይህ ዝቃጭ በሺሕና በሚሊዮን በሚቈጠር ዓመት እየተደራረበ ሲሄድ የላይኛው የታችኛውን ይጫነዋል፤ ውሃው ተጨምቆ ይወጣል፤ ጭቃውም ይደድራል። በዚህ ደረጃ ያለው ድንጋይ የጭቃ ድንጋይ፥ እንደ ቅጠል እየተላጠ የሚነሣ ከሆነም «ሼል» ይባላል። ሼል በእጅ ሊፈረፈር ይችላል፤ ውሃ ሲነካውም አንዳንዱ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

ሼል ወደ ሰሌዳ ድንጋይ የሚለወጠው ሌላ ከባድ ነገር ሲደርስበት ነው። ታላላቅ የምድር ቅርፊቶች ተጋፍተው ተራራ ሲያበቅሉ በመካከላቸው የተገኘው ጭቃ ድንጋይ ወደ ጥልቅ ቦታ ይወርድና ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ሙቀት እየጋለ ከጐንና ከጐን ይጨመቃል። በዚህ ጊዜ የሸክላው ማዕድናት ይለወጡና ሚካና ክሎራይት የተባሉ እንደ ቅርፊት ጠፍጣፋ የሆኑ ደቃቅ ማዕድናት ይበቅላሉ። እነዚህም ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግፊቱ አቅጣጫ አዙረው አንዱ በሌላው ላይ ይተኛሉ። ድንጋዩ በመሮ ሲመታ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጠው በእነዚህ ቅርፊቶች መካከል ነው። ሙቀቱና ግፊቱ ከዚህም በላይ ቢጨምር የሰሌዳው ድንጋይ ፊላይት፥ ቀጥሎ ሺስት፥ በመጨረሻም ናይስ ወደ ተባለው ድንጋይ ይለወጣል።

የቀለሙም ምክንያት ይታወቃል። ከጥንት ሕይወት የተረፈ ካርቦን ሲኖርበት ይጠቁራል፤ የዛገ ብረት ሲኖርበት ይቀላል ወይም ሐምራዊ ይሆናል፤ ክሎራይት ሲበዛበት አረንጓዴ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሰሌዳ ድንጋይ የሚሰነጠቀው ጭቃው መጀመሪያ በተነጠፈበት ንጣፍ በኩል ነው ብለን እናስብ ይሆናል። እንዲህ አይደለም። እንግሊዛዊው አዳም ሴጅዊክ በ1835 እ.ኤ.አ. የድንጋዩ መሰንጠቂያና የጥንቱ ንጣፍ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዳ። ብዙ ጊዜ መሰንጠቂያው የጥንቱን ንጣፍ አቋርጦ ያልፋል። ምክንያቱን ደግሞ በ1853 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ገለጸው። ድንጋዩን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አስሎ በማጉሊያ መነጽር ቢመለከተው ቅርፊቶቹ ሁሉ በአንድ ወገን ተሰልፈው አገኛቸው። ይህም የግፊት ሥራ መሆኑን በሸክላ ጭቃ ውስጥ የብረት ቅርፊት ቀላቅሎ በመጨፍለቅ ደግሞ አሳየ።

እኔም የሶርቢን ፈተና በቤታችን ሞከርሁት። የብረት ቅርፊት በማጣቴ በፋንታው ጭድ አደቀቅሁና ከሸክላ ጭቃ ጋራ አብኩቼ እንደ ድፎ ዳቦ አድቦለቦልሁት። አንዱን ድቡልቡል ሳልጫን በምላጭ ብቈርጠው ጭዱ ወዲህም ወዲያም ተመሰቃቅሎ ታየ። ሁለተኛውን በሁለት ሳንቃ መካከል አድርጌ ከባድ ድንጋይ ጭኜበት ዐደረ። በማግሥቱ በጐን በኩል ብቈርጠው አብዛኛው ጭድ ተኝቶ ከሳንቃው ጋራ ትይዩ ሆኖ አገኘሁት። ጓደኞቼ ሆይ፥ ይህን እናንተም በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ምንም ወጪ የለበትም።

አገራችን እንደ ሦስት ደርብ ቤት

እንግዲህ «የሰሌዳ ድንጋይ በኢትዮጵያ ካለ በመንዝ ለምን አይገኝም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱን የሚሰጠን የምድራችን አደራረብ ነው። የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ምድር እንደ ሦስት ደርብ ቤት ነው ብላችሁ አስቡ።

ከሁሉ በታች ያለው ደርብ እጅግ ጥንታዊ ነው። በትግራይ ይህ ደርብ ላዩ ተሸርሽሮ ስለ ተገለጠ በዐይን ይታያል። በነጋሽና በማይ ቅነጣል አካባቢ የሰሌዳ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ እየተፈራረቁ ይገኛሉ፤ ጂኦሎጂስቶችም «የተምቤን ምድብ» ብለው ይጠሯቸዋል። ጭቃው በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈው ከ700 ሚሊዮን ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ጀምሮ ሲሆን፥ በኋላ የምሥራቅና የምዕራብ አህጉራት ተጋፍተው ሲጋጠሙ ተጨምቆ ሰሌዳ ሆነ። በዚሁ ምድብ ውስጥ ምድር በጠቅላላው ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በበረዶ ተሸፍና የነበረችበት የጥንት ዘመን ምልክት ይገኛል። ያ የበረዶ ዘመን የጀመረው ከ717 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ መሆኑን ሊቃውንት በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሲያስረዱ ማስረጃ ካደረጓቸው ድንጋዮች መካከል የትግራይ ድንጋዮች ይገኙባቸዋል። በአስተማሪያችን መሳቢያ ውስጥ የነበረችው ያች ስስ ድንጋይ የዚህ ሁሉ ዘመን ምስክር ነች።

ሁለተኛው ደርብ ከዚያ በጣም ዘግይቶ፥ ባሕር አገራችንን ሸፍኖ በተመለሰበት ዘመን የተነጠፈ ነው። የአሸዋ ድንጋይ፥ የኖራ ድንጋይ፥ ጂፕስና የጭቃ ድንጋይ አለበት። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በዓለም ከተማ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ የወረደ ሰው ያየዋል። ከመርሐ ቤቴ የመጣ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከቈላው አንድ ቍራጭ የጭቃ ድንጋይ አመጣልኝ። ውሃ ውስጥ ብጨምረው ጥቂት ቆይቶ ይሟሟ ጀመር። ይህም ድንጋይ የሰሌዳ ድንጋይ ወላጅ ሊሆን የሚችል ጭቃ ነበረ፤ ዕድሜውም ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ነገር ግን አህጉራት ተጋፍተው ስላልጨመቁት እስከ ዛሬ ጭቃነቱን አልተወም። ከዚህ የምንማረው ጭቃን ሰሌዳ የሚያደርገው የዕድሜ ብዛት ሳይሆን ሙቀትና ግፊት መሆኑን ነው።

ሦስተኛውና የላይኛው ደርብ እኛ የቆምንበት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ምድር እየተሰነጠቀች የቀለጠ ድንጋይ በየጊዜው እየገነፈለ ሁለቱን ደርቦች አለበሳቸው። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ሳይቀር ስሙን ለዚህ ዐይነት ድንጋይ አንዱ ክፍል ሰጥቷል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠችው በዚህ የእሳት ልጅ በሆነ ድንጋይ ላይ ነው። ግንበኞች «ጥቁር ድንጋይ» የሚሉት ባዛልት ከዚህ ወገን ነው። ስለዚህ በመንዝ ደጋ ላይ የሰሌዳ ድንጋይ መፈለግ በጣራ ላይ ሆኖ የቤቱን መሠረት እንደ መፈለግ ነው።

የእኔስ ድንጋይ ለምን እንደ እንጀራ ተደራረበ? አስተማሪያችን እንዳስረዱኝ የቀለጠ ድንጋይ እየፈሰሰና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይኰማተራል፤ በዚህም ጊዜ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ እንደ ዐምድ፥ አንዳንዱ ደግሞ አግድም እንደ ገበታ ይሰነጠቃል። እንግዲህ የእኔ ድንጋይ ቀድሞ በተሰነጠቀበት ቦታ ብቻ ይለያያል እንጂ ከዚያ በላይ በመሮ ልሰንጥቅህ ቢሉት ተሰባብሮ ይቀራል። ሁለቱም ጠፍጣፋ ናቸው፤ አንዱ ግን የጭቃና የግፊት ልጅ፥ ሌላው የእሳት ልጅ ነው።

መለያ ምልክቶች

ማንም ሰው በእጁ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ የሰሌዳ ድንጋይ መሆኑንና ለጣራ መብቃቱን በሚከተሉት ነገሮች ሊመረምር ይችላል።

1ኛ፤ በመሮ ሲሰነጠቅ ሰፊና ስስ ሆኖ፥ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ እኩል ሆኖ መነሣት አለበት።

2ኛ፤ የአረፋ ቀዳዳ ወይም በዐይን የሚታይ የማዕድን ፍሬ በብዛት ከተገኘበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሆኑን ያመለክታል።

3ኛ፤ ተንጠልጥሎ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ድምፅ ብቻውን አይበቃም። በቤተ ክርስቲያን ተሰቅሎ የሚደወለው የድንጋይ ደወልም ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ፎኖላይት የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ስሙ «ድምፅ ያለው ድንጋይ» ማለት ነው።

4ኛ፤ ግማሹን ውሃ ውስጥ አቁሞ ማሳደር ነው። ሲነጋ እርጥበቱ ከውሃው በላይ ብዙ ከወጣ ድንጋዩ ውሃ ይጠጣል። ይህ በተለይ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ስለሚጨምር ውሃ የጠጣ ድንጋይ በመንዝ ውርጭ እየተላጠ ያልቃል።

5ኛ፤ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ፓይራይት ያለበት ድንጋይ ሊዝግና ሊበሳ ይችላልና ለጣራ ከመመረጡ በፊት በጥንቃቄ መታየት አለበት።

እኔ ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱንም አላደረግሁም ነበረ።

ጥቅሙ

የሰሌዳ ድንጋይ ዋና ሥራው ጣራ መክደን ነው። በዚህ ሥራ የታወቀችው የብሪታንያ ክፍል የሆነችው ዌልስ ነች። የሰሜን ምዕራብ ዌልስ የሰሌዳ ድንጋይ አገር በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚያ አገር ነጋዴዎች የጣራውን ድንጋይ በየመጠኑ «ዱቼስ»፥ «ካውንቴስ»፥ «ሌዲ» እያሉ በመኳንንት ሚስቶች ማዕረግ ይጠሩት ነበር። ዛሬ ደግሞ የጣራ ሰሌዳ በብዛት በማውጣት ስፔን ቀዳሚ ነች።

ድንጋዩ ከካባው እንደ ወጣ እርጥበቱ ሳይደርቅ በሰፊ መሮ ይሰነጠቃል፤ ከደረቀ እንደ ልብ አይገለጥም። ከዚያም ጠርዙ ተስተካክሎ፥ የሚስማር ቀዳዳ ተበስቶ፥ አንዱ በሌላው ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደረበ ተዳፋት በሆነ ጣራ ላይ ይመታል። ጭቃ አያስፈልገውም።

ከዚህም ሌላ ለወለል፥ ለደረጃ፥ ለመቃብር ድንጋይና ለመሳያ ድንጋይ ያገለግላል። አሲድ በቀላሉ ስለማይበላው ለሳይንስ ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ፥ ፊቱ ተስተካክሎ ሲሞረድ ፍጹም ልሙጥ ስለሚሆን ለቢሊያርድ ጠረጴዛ ወለል ይውላል። ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ የሚተከልበት ገበታ ይሠራበት ነበር።

ጥቅሙን ስንናገር ጉዳቱን መሸሸግ አይገባም። ድንጋዩ ሲሰነጠቅና ሲቈረጥ የሚነሣው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የተባለ በሽታ ያመጣል። ብዙ የዌልስ ሠራተኞች በዚህ በሽታ ሞተዋል። ይህ ምክር ለእኛም ይሆናል። በአገራችን ኮብልስቶን የሚጠርቡና ድንጋይ የሚፈልጡ ወንድሞቻችን ድንጋዩን በውሃ ቢያርሱና አፍና አፍንጫቸውን በደኅና መከላከያ ቢሸፍኑ ዕድሜያቸውን ያተርፋሉ።

ያልሠራሁት ስሌት

አሁን ወደ ማድ ቤታችን ልመለስ። የጣራው ስፋት 4 ሜትር በ3 ሜትር፥ ማለት 12 ካሬ ሜትር ነበረ። የድንጋያችን ውፍረት በአማካይ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። 12 በ0.04 ሲባዛ 0.48 ሜትር ኩብ ይሆናል። የዚህ ዐይነት ድንጋይ አንድ ሜትር ኩብ 2,800 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ድንጋዩ ብቻውን 1,344 ኪሎ ነበረ። በላዩ የመረግነው 5 ሴንቲ ሜትር ጭቃ 0.6 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ዝናም ሲጠጣ አንዱ ሜትር ኩብ ወደ 2,000 ኪሎ ስለሚጠጋ 1,200 ኪሎ ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ25 ኩንታል በላይ ነው! ይህን ሁሉ ያሸከምነው ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ወራጅ ነበረ።

እውነተኛ የሰሌዳ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በሁለት ድርብ ቢከደን 12 በ0.01 በ2,800 ሲባዛ 336 ኪሎ ይሆን ነበር። ከሰባት እጅ አንድ እጅ አይሞላም። ይህን ስሌት ለመሥራት የሚያስፈልገው ማባዛት ብቻ ነው። እኔም ማባዛት ዐውቅ ነበረ፤ ዳሩ ግን የተማርሁት ለፈተና እንጂ ለማድ ቤታችን የሚሆን አልመሰለኝም ነበረ።

በትግራይ ሕድሞ የሚባለው ቤት ጣራው ዐፈር መሆኑን ጠቅሶ «ታዲያ እሱ ለምን አይወድቅም?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ሕድሞን የሚሠሩት ሰዎች ወፍራም ግድግዳ አቁመው፥ ጠንካራ ወራጅ አቀራርበው ረብርበው፥ ክብደቱን አስቀድመው ዐውቀው ነው። እኛ ግን ክብደቱን ያወቅነው ከወደቀ በኋላ ነው።

ለእያንዳንዱ ድንጋይ ሥራ አለው

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመንዝን ድንጋይ የናቅሁ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን ድንጋይን እንደ ጠባዩ ማሠራት ያውቁ ነበር። በአብርሃ ወአጽብሓ እንዳለው ያለ የትግራይ ውቅር ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለው ከአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ይህ ድንጋይ ወደ ማንኛውም ወገን ሲጠረብ ይታዘዛልና። የአክሱም ሐውልት የተጠረበው ኔፌሊን ሳይናይት ከተባለ ጠጣር የእሳት ድንጋይ ነው፤ እንደ ሰሌዳ የማይገለጥ ስለ ሆነ ረጅምና አንድ ወጥ ሆኖ ሊወጣ ችሏል። የመንዝ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ለግድግዳ የተፈጠረ ይመስላል፤ ከባድ ነው፥ ብርዱንና ነፋሱን ይመክታል፥ ከልጅ እስከ ልጅ ልጅ ይቆያል። ጥፋቱ የድንጋዩ አልነበረም። ግድግዳ የሚሆነውን ጣራ ነህ ያልሁት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ግንበኛ ሼልም ሚካም የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ነገር ግን ድንጋዩን በእጃቸው መዘኑት። እኔ ስሙን በመጽሐፍ አየሁ፤ ነገር ግን አልመዘንሁትም። አሁን እንደሚመስለኝ መጽሐፉና እጁ አብረው ቢሆኑ ኖሮ ጥጃችን አይሞትም ነበር። ባለፈው ዓመት ግንበኛውን ከይቅርታ ጋራ ሄጄ ስጠይቃቸው ስለ ድንጋይ የሚያውቁትን ሁሉ ነግረውኛል፤ እኔም የሰሌዳ ድንጋይ እንዴት ከጭቃ እንደሚወለድ ነገርኋቸው። ጭዱን ያበኰትሁበትን ሸክላ ሲያዩ «እኛም እኮ ጭቃ ስንረግጥ ጭዱ ሲተኛ እናይ ነበረ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም» አሉኝ።

ማድ ቤታችን እንደ ገና ተሠርቷል። ግድግዳው ከዚያው ከወደቀው ድንጋይ ነው። ጣራው ጓሳው በተከፈተ ጊዜ ባጨድነው ሣር ተከድኗል። ግንቡ ሲሠራ ድንጋይ የማቀብለው እኔ ነበርሁ። አባቴም አንዳንዱን ድንጋይ ከእጄ ሲቀበሉ ወዲያው ግድግዳው ላይ አያስቀምጡትም ነበረ። አገላብጠው ያዩትና፥

«ይህኛውስ ምንድር ነው?» ይሉኛል።

እኔም የማውቀውን እነግራቸዋለሁ፤ ያላወቅሁት ሲሆን «አላወቅሁትም፤ እንመርምረው» እላቸዋለሁ።